ከሴንት ኤሊዛቤትስ ግንብ ጀርባ

አባባ ድንገት ከአውቶቡሱ ወንበር ተነሱና የማቆሚያውን ገመድ ሳቡ። "መውረጃችን ገና ነው" አልኳቸው። አልሰሙኝም። ከዓይን ሐኪም እየተመለስን ነበር። ያለነው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ደቡብ ምስራቅ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል ያ ማለቂያ የሌለው የሚመስል የድሮው የአእምሮ ሆስፒታል፣ የሴንት ኤሊዛቤትስ፣ የቀይ ጡብ ግንብ እያለፈ ነው። ሹፌሩ አቆመ፣ አባባ ወረዱ፣ እኔም ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተከተልኳቸው።

ቀጥ ብለው ወደ ግቢው በር ሄዱ። በሩ ላይ ጥበቃዎች አሉ፣ ካሜራ አለ፣ የመኪና መፈተሻ አለ። አንዱ ጥበቃ ቀረብ ብሎ በትህትና ባጅ ጠየቃቸው። "ባጅ የለኝም። እዚህ ነበር የምኖረው" አሉት። ጥበቃው መጀመሪያ አልገባውም። ግቢው አሁን የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደህንነት መስሪያ ቤት ነው፤ ያለ ፈቃድ ማንም ዝር አይልበትም። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ላስገባዎት አልችልም" አላቸው። አባባ ትንሽ ቆዩና፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ልውጣ ስላችሁም አይቻልም ነበር የምትሉኝ" አሉት።

ቀጣዩን አውቶቡስ ጠብቀን ተመለስን። እሳቸው ነገሩን እዚያው ተውት። እራታቸውን በሉ፣ ቴሌቪዥናቸውን አዩ፣ ተኙ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው በግድ ተይዞበት ወደነበረ ግቢ ልመለስ የሚለው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

የምሰራው ግሩፕ ሆም ውስጥ ነው፤ እንደ አባባ ያሉ ጥቂት ታካሚዎች ከአስታማሚ ጋር አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው። ዲሲና ሜሪላንድ ላለን ሀበሾች ይህን ስራ ማብራራት አያስፈልግም፤ ወይ ራሳችን ሰርተነዋል፣ ወይ እህታችን የሌሊት ሺፍት ትገባበታለች። መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ማብሰል፣ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አብሮ መዋል ነው። "አባባ" የምንላቸው እኛ ሀበሻ ሰራተኞቹ ነን። እሳቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ አጠራሩን ወደውታል። እድሜያቸውን ግማሹን ያህል በዚያ ግንብ ውስጥ እንዳሳለፉ ከፋይላቸው አውቅ ነበር። ስለ ግንቡ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በደግ ሀሳብ የተሰራ ቤት

ክፉ ታሪክ ነበር የጠበቅኩት። አጀማመሩ ግን ደግ ነው፣ እሱ ነው የበለጠ የከበደኝ።

ዶሮቲያ ዲክስ የምትባል የማሳቹሴትስ መምህርት ነበረች። በ1840ዎቹ እስር ቤቱንና የድሆች መጠለያውን እየዞረች አየች። የአእምሮ ህመምተኞች በሰንሰለት ታስረዋል፣ በክረምት ብርድ ያለ እሳት ተጥለዋል። ያየችውን ጽፋ በ1843 ለግዛቷ ምክር ቤት አቀረበች፤ ከዚያም ከግዛት ግዛት እየተጓዘች ባለስልጣናቱን መውጫ መግቢያ አሳጣቻቸው። ሴት ልጅ ድምፅ በማትሰጥበት ዘመን ነው ይህን ያደረገችው። በ1852 ኮንግረሱ ለአንድ የፌዴራል የአእምሮ ሆስፒታል 100,000 ዶላር ፈቀደ። ሆስፒታሉ ለወታደሮች፣ ለባህር ኃይል አባላትና ለዲሲ ነዋሪዎች እንዲሆን ታሰበ። ቦታው ከአናኮስቲያ ወንዝ በላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለርስቱ አልሸጥም ብሎ ነበር። ያግባባችው እሷ ናት።

ያ እይታ ታስቦበት ነው። በዚያን ጊዜ ቶማስ ኪርክብራይድ የሚባል የፊላዴልፊያ ሐኪም ነበረ፤ ህንጻው ራሱ ያክማል ብሎ ያምናል። የህንጻው ክንፎች ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እየሸሹ ይሰራሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ብርሃንና ንጹህ አየር እንዲያገኝ። ታካሚው አትክልት ይኮተኩታል፣ በዛፍ ጥላ ስር ይንሸራሸራል፣ በሰላም ይተኛል። የሴንት ኤሊዛቤትስ ዋና ህንጻ በዚህ መንገድ ተሰራ። አርክቴክቱ ቶማስ ዋልተር ነው፣ የካፒቶልን፣ የኮንግረሱን ህንጻ፣ ትልቁን ጉልላት የነደፈው ሰው። ጡቡም እዚያው ተተኮሰ። በጥር 1855 የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ገቡ። የመጀመሪያው ዋና ሐኪም ቻርልስ ኒኮልስ ነበር። ዛሬ ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባለው ጎዳና እስከ 1971 ድረስ ኒኮልስ አቬኑ ይባል የነበረው በሱ ስም ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ያስቆመኝ አንድ ቁጥር ነው፦ 250። ኪርክብራይድና የዘመኑ ባልደረቦቹ በ1851 ባወጡት መመሪያ አንድ ሆስፒታል ከ250 ታካሚ በላይ መያዝ የለበትም አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ዋናው ሐኪም እያንዳንዱን ታካሚ በአካል ማወቅ አለበት፣ መጎብኘት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ማወቅ አይችልም። ይህን ሳነብ እነዚያ ሰዎች ስራውን ከልባቸው ያውቁታል አልኩ። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። አባባ ዛሬ ደህና መሆናቸውን የምለየው ቡናቸው ላይ ስኳር በሚጨምሩበት አኳኋን ነው። ይህ በፋይል አይጻፍም፤ በየቀኑ አብሮ በመዋል ነው የሚገኘው።

ብርሃኑና አየሩ ግን ገና ከመነሻው ለሁሉም እኩል አልነበረም። ጥቁር ታካሚዎች ከዋናው ህንጻ ተለይተው ሌላ ቤት ተሰራላቸው፤ መጀመሪያ ለወንዶቹ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለሴቶቹ። መለያየቱ እስከ 1950ዎቹ ቆየ። ዲክስ ለሰንሰለቱ አለቀሰች፤ ይህኛው ግን የዘመኑ ሰው ሁሉ እንደ ተራ ነገር ያለፈው ነበር።

250 እንዴት 7,000 ሆነ?

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ከሆስፒታሉ ከፊሉ ለቁስለኛ ወታደሮች ተሰጠ። እጅና እግራቸውን ላጡት የሰው ሰራሽ አካል መስሪያ ወርክሾፕም እዚያው ተከፈተ። ቁስለኞቹ ለቤተሰብ ደብዳቤ ሲጽፉ "ከመንግስት የእብዶች ሆስፒታል" ብለው መጻፍ ከበዳቸው፤ ስለዚህ የመሬቱን የድሮ ስም፣ ሴንት ኤሊዛቤትስን ጻፉ። ኮንግረሱ ስሙን በይፋ የቀየረው ግን በ1916 ነው። ይህ ጉዳይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማብራሪያ አይሻም። አማኑኤል ነበርኩ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ?

ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሩ ማበጥ ጀመረ። ያው የእነ ኪርክብራይድ የሐኪሞች ማህበር በ1866 የራሱን ልክ ከ250 ወደ 600 ከፍ አደረገው። ምክንያት አልጠፋም፤ ሰው እየበዛ ነው፣ ቤተሰብ ይለምናል፣ ሌላ መግቢያ የለም። ማንን ትመልሳለህ? በር ላይ የቆመችን እናት "ሞልቷል" ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንድ አልጋ ይጨመራል። ከዚያ አንድ ክፍል፣ ከዚያ አንድ ህንጻ። ሴንት ኤሊዛቤትስ ጎዳናውን ተሻግሮ በምስራቅ በኩል ሁለተኛ ግቢ አበጀ። የራሱ ዳቦ ቤት፣ የራሱ ልብስ ማጠቢያ፣ የራሱ መቃብር ነበረው። እርሻ ሜሪላንድ ላይ ነበረው፤ ዛሬ ልጆቻችንን ላምና ዶሮ ልናሳይ የምንወስድበት ኦክሰን ኮቭ ፓርክ ያ እርሻ ነው። የሚያርሱትና የሚያልቡት ከሰራተኞቹ ጋር ታካሚዎቹ ነበሩ።

ሆስፒታሉ ተኝቶ ነበር ማለቴ አይደለም። ዊልያም አላንሰን ዋይት በ1903 ዋና ሐኪም ሆኖ እስከ 1937 ሲመራው በአገሪቱ ከታወቁት የምርምርና የማስተማሪያ ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1922 አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቂጥኝ የአእምሮ ህመም በወባ የታከመው እዚህ ነው። አዎ፣ በወባ። ሰውየውን ሆን ብለው ወባ ያሲዙታል፣ ከፍተኛው ትኩሳት የቂጥኙን ተህዋስ ያዳክማል፣ ከዚያ ወባውን በኪኒን ያድኑታል። ወባ ዘመድ በገደለበት አገር ላደገ ሰው ማንበቡ ራሱ ያስደነግጣል። ፔኒሲሊን እስኪመጣ ድረስ ግን ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ታካሚው ከ7,000 በላይ ነበር። አንድ ትንሽ ከተማ በሉት። ስለዚህ ሆስፒታል ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ገጣሚው ኤዝራ ፓውንድና በ1981 ፕሬዝዳንት ሬገንን የተኮሰው ጆን ሂንክሊ ናቸው። የመጀመሪያው በ1958፣ ሁለተኛው በ2016 ወጡ። ስለነሱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስቡኝ ስማቸው የትም ያልተጻፈው ሺዎቹ ናቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚው ጨመረ፣ ተሸካሚው ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። እኔ የዚህን ሆስፒታል ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ የሚያልቅ ይመስለኛል። ጨካኝ ሰው ነበረ አልነበረም፣ ደግ ሐኪም ነበረ አልነበረም፣ እሱ ሁለተኛ ነው። ቤቱ የታሰበው ሐኪሙ የሁሉንም ስም ለሚያውቅበት ቁጥር ነበር፤ ያ ቁጥር ካለፈ በኋላ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው።

"አውቃለሁ"

አባባ እኛ ቤት የገቡ ሰሞን ነው። ጠዋት እንቁላል እየጠበስኩ ነበር። የክፍላቸው በር ገርበብ ብሏል። በመሀል ዞር ስል አየኋቸው፤ ለብሰዋል፣ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ የጫማቸውን ክር አስረዋል፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቆመዋል። ሌሎቹን ቁርስ አቅርቤ ስመለስ አሁንም ቆመዋል።

"አባባ፣ ቁርስ ደርሷል፤ አይመጡም እንዴ?"

"በሩ እስኪከፈት ነው።"

"ክፍት ነው እኮ!"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

አላየሁትም ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ዓይናቸው ያየዋል፣ ልባቸው ያውቀዋል፣ እግራቸው ግን ፈቃድ ይጠብቃል። ህመማቸው ነው እንዳልል የህመማቸውን መልክ ለይቼዋለሁ፤ ድምፅ ሲሰሙም፣ ሰው የሚከታተላቸው ሲመስላቸውም ሁኔታቸው ሌላ ነው። ያን ጠዋት ፊታቸው እንደ እኔና እንደናንተ የሰከነ ነበር። ይህ በሽታ አይደለም። የተማሩት ነገር ነው። ዓመታት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ አንድ ቁልፍ የያዘ ሰው እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ተምረዋል፤ ጎበዝ ተማሪም ነበሩ፣ ጎበዝ ያልነበረ ሌላ ቅጣት ይደርስበት ነበርና።

ይህን ያየሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ኧርቪንግ ጎፍማን የሚባል የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በ1955 እና 1956 በዚሁ ሆስፒታል የስፖርት ክፍል ረዳት ሆኖ፣ ቁልፍ ሳይይዝ፣ ከታካሚዎቹ ጋር እየዋለ ያስተውል ነበር። የታዘበው ነገር ሲጠቃለል፦ ሰውየው ሲገባ ልብሱን፣ ንብረቱን፣ የራሱን ሰዓት ይነጠቃል። መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ሲጋራ መቼ እንደሚለኩስ ሌላው ይወስንለታል። ከጊዜ በኋላ በሰውየው ላይ የሚታየው ጠባይ ህመሙ ከሚያመጣው ይልቅ ቦታው የሚያስተምረው ይበዛል። ይህን ያነበብኩ ቀን የአባባ "አውቃለሁ" ነበር የተሰማኝ።

በዚህ ላይ ጥፋቱን በአስታማሚዎቹ ላይ መጣል አልፈልግም። አብዛኞቹ የዚያው ሰፈር ሰዎች፣ የአናኮስቲያና የኮንግረስ ሃይትስ ልጆች ነበሩ፤ ቤተሰብ ያስተዳደሩበት ስራ ነው። ባልደረባዬ የምትቀርበት ሌሊት አለ። ብቻዬን ነኝ፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ውጭ ልውጣ ይላል፣ አንዱ ምድጃውን ለመለኮስ ይነሳል። የኩሽናውን በር ብቆልፈው የሚል ሀሳብ በጭንቅላቴ ያልፋል። አልቆልፈውም፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ጥቂት ሰዎች ናቸው ያሉት፣ ዞሬ እደርሳቸዋለሁ። በመቶ ሰው መካከል ብሆንስ? በር ለመቆለፍ ክፉ መሆን አያስፈልግም። መድከም ይበቃል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ

በ1950ዎቹ አጋማሽ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት መጣ። ዓመታት ያልተናገሩ ሰዎች መናገር ጀመሩ። በጥቅምት 1963 ኬኔዲ ከመገደሉ ጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ህግ ፈረመ፤ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ይቀነሱ፣ በየሰፈሩ የአእምሮ ጤና ጣቢያ ይከፈት የሚል። እንደገና ደግ ሀሳብ። ዲክስ ከሰንሰለት ወደ ሆስፒታል አወጣቻቸው፣ ኬኔዲ ከሆስፒታል ወደ ሰፈር። ችግሩ፣ ሆስፒታሎቹ ተቀነሱ፣ የጣቢያዎቹ መሰራት ግን እንደ እቅዱ አልሄደም። በአገሪቱ ከታቀዱት ውስጥ የተሰሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው።

ዲሲ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1974 የሴንት ኤሊዛቤትስ ታካሚዎች ከሰሱ፤ ከመካከላቸው ሐኪሞቹ ራሳቸው "ይህ ሰው ውጭ መኖር ይችላል" ያሉላቸው፣ ግን መሄጃ ስለሌላቸው ተቀምጠው የቀሩ ነበሩ። በከሳሹ ስም የዲክሰን ክስ ይባላል። በ1975 ዳኛው ፈረደላቸው፤ ሳይዘጋባቸው መታከም መብታቸው ነው አለ። ፍርዱ ተፈጽሟል ተብሎ መዝገቡ እስኪዘጋ ግን 2012 ገባ። ከ35 ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ መሀል፣ በ1987፣ የፌዴራል መንግስቱ ሆስፒታሉን ለከተማው አስረከበ።

አባባ የወጡት በዚያ መሀል ነው። አንድ ማታ፣ በሰላሙ ሰዓት፣ ጠየቅኳቸው። "ያን ቀን ለምን ነበር ወደ ውስጥ መግባት የፈለጉት?"

ቶሎ መለሱልኝ፣ ሲያስቡበት የቆዩ ይመስል። አንድ የማታ አስታማሚ ነበረ አሉኝ። ከመተኛታቸው በፊት እየዞረ ሁሉንም በስማቸው ደህና እደሩ ይላል። ሌሎቹ አይሉም፣ እሱ ይላል። ሲወጡ ደግሞ አንድ ክፍል ተከራዩላቸው፣ የመድኃኒት ወረቀት ሰጧቸው፣ በዚህ ቀን ተመለስ አሏቸው። ክፍሉ በር ነበረው፣ ቁልፉም በእጃቸው ነበር። ስማቸውን የሚጠራ ግን አልነበረም። ቀኑ ሙሉ፣ አንዳንዴም ሳምንቱ ሙሉ። መድኃኒቱን ተውት፣ ቀጠሮውን ረሱት፣ ክፍሉን አጡት፣ ከዚያ መንገድ ላይ ወደቁ። "ያ ሰውዬ አሁንም ማታ ማታ ይገባ እንደሆነ ላይ ፈልጌ ነው" አሉኝ።

እና ለጥያቄዬ መልስ አገኘሁ። ግንቡ አልናፈቃቸውም። ዳግም ቢዘጋባቸው እንደሚታመሙ እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። የፈለጉት አንድ ሰው ነው። ሺዎች በታጨቁበት ግቢ ውስጥ ዋናው ሐኪም በ250 ታካሚ ሊያደርገው ያሰበውን ያ አስታማሚ ብቻውን፣ ሳይታዘዝ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያደርገው ነበር። እሱን የሚተካ ነገር ውጭ አልተዘጋጀላቸውም። በሩን ከፍቶ መልቀቅ አንድ ነገር ነው፣ ውጭ ቆሞ መቀበል ሌላ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ምረቃም ሪባን መቁረጥም የለውም፣ ለዚያ ይሆናል የሚረሳው።

ግቢው ራሱ ዛሬ ተፈላጊ ነው። በ1990 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። የምዕራቡን በኩል የደህንነት መስሪያ ቤቱ ወሰደው፤ በስሩ ያለው የባህር ጠረፍ ጥበቃ፣ ኮስት ጋርድ፣ በ2013 ገባ፣ ሚኒስትሩም በ2019 ቢሯቸውን የኪርክብራይድ ህንጻ ውስጥ አደረጉ። ከውጭ ያለው ጡብ የድሮው ነው፣ ውስጡ ሌላ ነው። በምስራቁ በኩል ከተማው በ2010 አዲስ የአእምሮ ሆስፒታል ሰራ፤ ያረጀውን የተካው እሱ ነው፣ ከድሮው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ከዚያ በ2018 የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ በ2025 ደግሞ ለሰፈሩ ጠቅላላ ሆስፒታል ተከፈተ። የሆስፒታሉን መከፈት ሰፈሩ ለዓመታት ሲጮህለት የኖረ ነገር ነው፣ ደስ ብሎኛል። የድሮው ጡብ ባለመፍረሱም ደስ ብሎኛል። የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር ነው። በምዕራቡ ግቢ ቁልቁለት ላይ መቃብር አለ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮች፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ከታካሚዎች ጋር ተቀብረውበታል። እሱም ከአጥሩ ውስጥ ነው። አያቱ እዚያ የተቀበረች ሰው አበባ ላስቀምጥ ቢል እንደ አባባ ባጅ ይጠየቃል።

አዲስ አበባ፣ በስልክ

ይህን ሁሉ እንዳልጽፈው እያመነታሁ ሳለ አክስቴ ደወሉ። የልጃቸውን ጉዳይ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አያወራውም። ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ጸበል ወሰዱት፤ እንጦጦ ማርያም ከረሙ። እኔ ጸበሉን የሚያጣጥል ሰው አይደለሁም፣ እምነቴም ነው። እዚያ ቢያንስ አክስቴ አብረውት ነበሩ፣ ሌሊቱን ከጎኑ ያድሩ ነበር። ቤት ውስጥ ታስረው፣ ሰንሰለት እግራቸው ላይ ኖሮ ዓመት ያለፋቸው ልጆች በየሰፈራችን እንዳሉ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ዲክስ በ1843 የጻፈችው እኛ ጋ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ለብዙ አስርት ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አንድ ብቻ፣ አማኑኤል ነው። ያን ሁሉ ሚሊዮን ህዝብ ይዞ አንድ ቤት! እዚያ ለሚሰሩት ሐኪሞችና ነርሶች ያለኝን አክብሮት በቃል አልጨርሰውም።

ልጁ በኋላ አማኑኤል ሄዶ መድኃኒት ጀመረ፣ ተሻለው፣ ቤት ተመለሰ። አሁን አክስቴ ደክመዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

"ልጄ፣ እዚያ አሜሪካ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም ወይ? እድሜ ልኩን የሚይዙልኝ?"

"ነበረ እትዬ" አልኳቸው። "ትልቅ ግቢ ነበረ። አሁን የለም።"

"ምነው ዘጉት?"

በስልክ እንዴት አድርጌ ላስረዳ። የአባባን ነገር ነገርኳቸው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ማታው አስታማሚ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እና እሱ አሁን ከማን ጋር ነው ያለው?" አሉኝ። "ከእኛ ጋር ነው" አልኩ።

"እትዬ፣ ልጁ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው?"

"እየወሰደ ነው።"

"ቀን ቀን ማን ነው አብሮት የሚውለው?"

እዚህ ላይ ነው የተያዝነው። ማንም የለም። እሳቸው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ እህቱ ስራ ነች፣ እሱ ብቻውን ክፍሉ ይውላል። ጎረቤት እንዳያውቅ በሩን ይዘጋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን አክስቴ ራሳቸው ስኳሩ ለያዘው ጎረቤታቸው ሲሉት ሰምቻለሁ፣ ለልጃቸው ግን አላሉትም። እኔም ደፈር ብዬ አስታወስኳቸው። አልተቆጡኝም።

ወረቀት አምጡ አልኳቸው። ሰኞ እህቱ ከሰዓት በኋላ ነው የምትገባው፣ ጠዋት አብራው ትሁን። ማክሰኞ የንስሐ አባታቸው ሰፈሩን ስለሚያልፉ ገብተው ሰላም ይሉታል፣ ከእሳቸው ጋር መጨዋወት ይወዳል። ረቡዕ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደዚያ ይሄዳል፣ ቼዝ ይጫወታሉ። አርብ ከጎረቤቷ ከወይዘሮዋ ጋር፣ እድሩ ቤት ቡና ላይ፤ ለሷ አክስቴ ራሳቸው ይነግሯታል፣ በራሳቸው አፍ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቡ አለ። እኔ ማታ ማታ እደውልለታለሁ፤ የእሱ ማታ የእኔ ቀን ነው፣ ስራ ቦታ ሆኜም ይቻለኛል።

አክስቴ ሁሉንም ጻፉት። ሐሙስ ገና ሰው አላገኘንለትም።